እንግዳ የማያምን ውሻ ይዞ ቡና በሚጠራሩበት ግቢ ውስጥ ለመኖር

«የእናንተ ውሻ ጥጉን ይዞ ይተኛል፤ የእኛው ሰው በመጣ ቁጥር በሩን ሊገነጥል ይደርሳል። ምን አድርጋችሁት ነው?» ደሴ ውስጥ ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ኮምቦልቻ ካሉ ዘመዶቼ ሳይቀር የምሰማው ጥያቄ ይኸው ነው። በመንገድ ላይ ቆሜ በቁንጽል ስመልስ ግማሹ እየተረሳ ስለሆነ ከነምክንያቱ ልጻፈው።

ውሻችንን ቡሬን ከሙጋድ ገበያ ዳር ያገኘነው አጥንቱ ተቆጥሮ፣ ጀርባው ላይ የዱላ ጠባሳ ይዞ ነው። ዛሬም እንግዳ አይወድም። የተለወጠው ነገር፣ እንግዳ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ነው። እናንተም ከዚህ በላይ አትጠብቁ፤ «ሰው ወዳድ አደርገዋለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ውሻውንም እንግዳውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰፋ ያለ የአንገት ማሰሪያ። ታስሮ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከዚያ ከላላ ውሻው ሲደነግጥ ወደ ኋላ ስቦ ይወልቃል። የደረት ማሰሪያ ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ጉሮሮውን አያንቀውም።
- 2 ሜትር የሚሆን መያዣ ገመድ፣ ሌላ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ረጅም ገመድ።
- ቅርጫት መሳይ የአፍ መከለያ፤ አለክልኮ መተንፈስና ውሃ መጠጣት የሚያስችለው። በጨርቅ ወይም በገመድ አፉን ጥፍር አድርጎ ማሰር አይተካውም።
- የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ፣ በሽንብራ ፍሬ ልክ የተቆረጠ። ጨውም በርበሬም ሽንኩርትም አይግባበት።
- ወፍራም ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ። «የእሱ ቦታ» ይህ ይሆናል።
- ከውጭው በር ሌላ ሁለተኛ መዝጊያ፦ ከእንጨትም፣ ከቆርቆሮም፣ ከሽቦም ይሁን፣ ውሻው ሊዘለው የማይችል።
- በሩ ላይ «ከውሻ ይጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍና ደወል። ደወል ከሌለ ገመድ ያለው ቃጭል ይበቃል።

1. ከሁሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ታሪኩን የማታውቁት ትልቅ ውሻ ከሆነ ባመጣችሁት ሳምንት አስከትቡ። ይህ መጀመሪያ የሚመጣው ከዚህ በታች ያለው ልምምድ ሁሉ ሰው ወደ ውሻው፣ ውሻውም ወደ ሰው የሚቀርብበት ስለሆነ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ክትባቱ ቀድሞ የተያዘን ውሻ አያድንም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸባዩ ያለ ምክንያት ከተገለበጠ፣ ለሐጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ሳትነኩት ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ።

በዚያው ቀን ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ መገጣጠሚያውን አሳዩ። «ክፉ» የተባለ ውሻ ጆሮው ውስጥ ቁስል ያለበት ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ነው። የሚያመውን ቦታ ሰው እንዳይነካበት ያጉረመርማል፤ ስንቆጣው ደግሞ ይብስበታል። የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ ስጡት።

ስለ ትል ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለአረፋም ለፋሲካም በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የትል መኖሪያ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ውሃ ያቋጥራል። እንዲህ ያለውን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ደህና የሚመስለውንም ሳትቀቅሉ አትስጡት።

2. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንግዳ አታሳዩት

ሰው ሁሉ አዲሱን ውሻ ማየት ይፈልጋል። አታሳዩ። አንድ ሰው ብቻ በተመሳሳይ ሰዓት ያብላው፤ ገላውን ማጠቡም ይቆይ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ እዚህ ግቢ መብላቱ የማይቋረጥ መሆኑን ካላመነ ሌላው ትምህርት አይገባውም።

ቦታውን ከውጭው በር አርቁ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በር ላይ በሰንሰለት ያስረዋል። ከውሻው በኩል ሆናችሁ እዩት፦ ቆራሌው እየጮኸ ይመጣል፣ ውሻው ይጮህበታል፣ ቆራሌው ያልፋል። ቆራሌው ያለፈው መንገዱ ስለሆነ ነው፤ ውሻው ግን «አባረርኩት» ብሎ ይመዘግባል። ወተት አድራሹም፣ ተማሪውም፣ ቆጣሪ አንባቢውም እንዲሁ። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚያሸንፍ ውሻ በወሩ መጨረሻ ኃይለኛ ቢሆን አይግረማችሁ። ስለዚህ ጥጉ ከቤቱ ጀርባ ወይም መንገዱ በማይታይበት በኩል ይሁን። የደሴ ብርድ ቀልድ አይደለምና ከስሩ ጭድ፣ ከላዩ ጆንያ አድርጉለት፤ ዝናቡም በጎን እንዳይገባበት።

3. ከመንከሱ በፊት የሚናገረውን አንብቡ

ውሻ ድንገት አይነክስም። እኛ ያላየነው ብዙ ነገር ተናግሮ ነው። ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል፤ ጅራቱ ወደ ሆዱ ይገባል። ቀጥሎ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ድርቅ ያለ ውሻ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራኛል። ጅራት መቁላትም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ ሽቅብ ቆሞ እንደ ዱላ ግትር ብሎ የሚወዛወዝ ጅራት «ተው» እያለ ነው።

ሲያጉረመርም አትምቱት፣ አትቆጡትም። ማጉረምረም ደወል ነው፤ ዝም እንዲል ካስተማራችሁት ፍርሃቱ ባለበት ይቀራል፣ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል። ካጉረመረመ ሰውየውን አርቁ ወይም ውሻውን ይዛችሁ ዞር በሉ፣ ምን እንዳስፈራውም ልብ በሉ።

4. ርቀቱን በእርምጃ ለኩ

ውሻውን በ2 ሜትሩ ገመድ ይዛችሁ ጸጥ ያለ ቦታ ቁሙ። አንድ የሚያግዛችሁ ሰው ከሩቅ ይታይ። ውሻው ሰውየውን አይቶ ጉበቱን በሰላም የሚበላበት ርቀት መነሻችሁ ነው። ጉበት እምቢ ካለ፣ ወይም ከእጃችሁ መንጭቆ ከበላ ቀርባችኋል፤ ተመለሱ። የፈራ ሆድ አይበላም፣ የፈራ ጭንቅላትም አይማርም። የቡሬ መነሻ 25 እርምጃ ነበር።

5. መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ጉበት

1. ሰውየው ይታይ።
2. ውሻው ሲያየው አንድ ፍሬ ጉበት ስጡት። ሰውየው እስካለ ድረስ አንድ አንድ እያላችሁ ቀጥሉ።
3. ሰውየው ሲሰወር ጉበቱም ይቁም።

ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። ጉበቱን አስቀድማችሁ ብታሳዩት ውሻው ጉበት የአደጋ መምጫ ምልክት ነው ብሎ ይማራል፣ በኋላም ምግቡን ራሱን ይጠራጠራል። ሰው ከቀደመ ግን «እንግዳ ታየ፣ ጥሩ ነገር መጣ» ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት አራት ቀን ተረጋግቶ ከዋለ አንድ ሁለት እርምጃ ቅረቡ። አንድ ቀን ከጮኸ በማግስቱ ርቀቱን መልሱ።

ውሻ «ሰው» ብሎ በጅምላ አይማርም። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ጥላ የዘረጋች ሴት፣ ጋቢ የተከናነበ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ጀሪካን ያዘለ ለእሱ ሁሉም ሌላ ሌላ ፍጡር ነው። እያንዳንዱን ከሩቅ እንደ አዲስ ጀምሩለት።

ይህን የተማርነው በአንዲት ጎረቤታችን ላይ በደረሰ ነገር ነው። ቡሬ ተለማምዷታል ብለን በገመድ ይዘነው ነበር። ክረምት ነው፣ ግቢው ጭቃ። እሷ በረንዳው ላይ ደርሳ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ እንደ ቀስት ተወረወረ። ገመዱ ባይይዘው ፊቷን ያገኘው ነበር፤ የነጠላዋን ጥለት ይዞ ቀረ። ሌሊቱን ሳስበው ገባኝ፦ መንገድ ላይ ያደገ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ድንጋይ ማንሳት። በማግስቱ ጀምረን ጎንበስ ማለትን ለብቻው አለማመድነው። ከ25 እርምጃ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ይላል፣ ጉበት ይመጣል፤ ቀና ይላል፣ ጉበቱ ይቆማል። ወር ፈጀብን። የእናንተም ውሻ ከመንገድ የመጣ ከሆነ ይህን ልምምድ አትዝለሉት።

6. የቡና እንግዳ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኛ ወሎ ውስጥ ያለ ቡና ቀን አይመሽም። ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይጨመራል። ለፈሪ ውሻ ከዚህ የከበደ ፈተና የለም።

1. ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። «ደውላችሁ ጠብቁን፣ በሩን እኛ እንክፈተው» በሉ። መጀመሪያ እንደ ኩራት ሊታይባችሁ ይችላል፤ ምክንያቱን ስታስረዱ ግን የሚቀየም አላየሁም።
2. በሩ ከመከፈቱ በፊት ውሻው ሁለተኛው መዝጊያ ውስጥ ይግባ፣ የሚያኝከው ጥሬ ትልቅ የበሬ አጥንት ይዞ። የተቀቀለና የዶሮ አጥንት አይሆንም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በር ላይ ማገናኘት የሌለባችሁ በሩ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ለውሻውም ለሰውም ማፈግፈጊያ የለውም።
3. ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት እዚያው ይቆይ። ጫጫታውን፣ የሙቀጫውን ድምፅ፣ የእጣኑን ሽታ ከመዝጊያው ጀርባ ይልመድ። ይህ ብቻ ለአንዳንድ ውሻ የዕድሜ ልክ መፍትሔ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም።
4. ከተረጋጋ፣ ሁሉም ከተቀመጠና አቦል ከተቀዳ በኋላ በአጭሩ ገመድ ይዛችሁ አስገቡት፣ ከሰዎቹ ራቅ ያለ ጥግ ላይ በተነጠፈው ጆንያው ላይ ይተኛ። የተቀመጠ ሰው አያንዣብብበትም፤ እጁም ሲኒ ስለያዘ አይንቀሳቀስም። ገመዱ ከእጃችሁ አይውጣ፤ ፍሙና ጀበናው መሐል እንዳይገባም የምትቀዳዋ ሌላ ሰው ትሁን።
5. እንግዶቹ ዓይኑን ትኩር ብለው አይዩት፣ አይጥሩት፣ እጅ አይዘርጉለት። ጉበት መስጠት የፈለገ ሰው ከውሻው ኋላ ይወርውርለት። ከእጅ ካበላ ውሻው ለምግቡ ሲል ከሚችለው በላይ ይቀርባል፤ ምግቡ ሲያልቅ ራሱን ከሚፈራው ሰው ጉልበት ሥር ያገኘዋል። ያን ጊዜ ነው የሚነክሰው። ከኋላው ከተወረወረ ግን ይበላል፣ ርቀቱም ይሰፋለታል።
6. እንግዶች ከመነሳታቸው በፊት ውሻውን አውጡ። አደገኛዋ ደቂቃ ይህች ናት። ሁሉም በአንዴ ይቆማል፣ ነጠላ ይራገፋል፣ መሳሳም አለ፣ ልጅ ይሮጣል። ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ የተኛ ውሻ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ወደ ጆንያው የምትልኩበትን ቃል ሌላ ሰው በየደቂቃው የማይለው አድርጉት። እኛ መጀመሪያ «አብሽር» ነበር የመረጥነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ የታመመውም፣ ያዘነውም፣ ጀሪካን ያዘለውም አብሽር ይባላል፤ ቃሉ ቀኑን ሙሉ ጉበት ሳያስከትል ስለሚሰማ ለቡሬ ትርጉሙ ጠፋ። «ቦታህ» ብለን ቀየርነው፤ በሳምንት ውስጥ ያዘው።

7. ከግቢ ውጭ

የአፍ መከለያውን በአንድ ቀን አታጥልቁለት። ውስጡ ጉበት አድርጋችሁ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ አድርጉ፤ ማሰሩ ከሳምንት በኋላ ይምጣ። በግድ ካጠለቃችሁበት ባየው ቁጥር ይሸሻል፣ እናንተም ትተዉታላችሁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ሳይሞላ ውጡ። የገበያ ቀን ገበያው አካባቢ አትውሰዱት፤ የበግ መንጋ፣ የጫነ አህያና ጅራፍ በአንድ ጊዜ ለማንም ፈሪ ብዙ ነው። ሰው ከፊት ከመጣ መንገድ ተሻግራችሁ እለፉ። ረጅሙ ገመድ ሰው ለሌለበት ሜዳ ብቻ ነው።

8. ልጆችና በዓላት

ልጅ ካለ ውሻው ያለ ትልቅ ሰው አብሮ አይተው፣ ለአፍታም። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ አጥንት ሲይዝ ማንም ልጅ አይጠጋው። የሰፈሩን ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩ ከመቆጣት ይልቅ ሰብስባችሁ አስረዷቸው፤ ከሩቅ ጉበት እንዲወረውሩ ዕድል ስታገኙላቸው ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ።

ነሐሴን ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ለቡሄ ጅራፍ ይጮሃል፣ ሆያ ሆዬ ባዮች ዱላቸውን እየመቱ በር ድረስ ይመጣሉ፤ ላስታ ያላችሁ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ያላችሁ ሶለል አለባችሁ። ውሻው ውስጠኛው ክፍል ይዘጋ፣ መስኮቱ ይሸፈን፣ ሬዲዮ ይከፈትለት። ጨፋሪዎቹን ከበሩ ውጭ ወጥታችሁ ተቀበሏቸው።

9. ጎረቤትና ሕግ

ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ጎረቤት የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም። በአዛን ሰዓት ውሻውን ከበር አርቁት፣ ከሰው ጋር በጠባብ መንገድ ስትተላለፉም በእናንተ በኩል አድርጉት። ሌሊት ቤት ወይም ዝግ ግቢ ውስጥ ይደር፤ ውጭ ያደረ ውሻ ከጅብ ጋር ይገናኛል፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚወገዱበት ጊዜም አብሮ ይጠፋል። የአጥሩን ሥር በየሳምንቱ ዙሩት፤ አብዛኛው ውሻ የሚያመልጠው ዘሎ ሳይሆን ቆፍሮ ነው።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ቢሆንም። «ገመዱን በጥሶ ነው» ማለት አያድናችሁም።

ከነከሰ

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ፣ በግምት አይደለም። ቅጠል፣ ቡና፣ በርበሬ ምንም አትነስንሱበት። የተነከሰውን ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ፣ የውሻውን የክትባት ካርድ ይዛችሁ። ውሻው የተከተበ ቢሆንም፣ ቁስሉ ጭረት ቢመስልም ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ውሻውን ዘግታችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በንዴት አትግደሉት፤ 10 ቀን ደህና መቆየቱ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ወጪውን ሳትጠየቁ ሸፍኑ፣ ሄዳችሁም ጠይቁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- «አትፍራው፣ ዳብሰው» ማለት። እንግዳው ደፍሮ ይዳብሳል፣ ውሻው ድርቅ ብሎ ይችላል፣ ሁላችሁም «ለመደ» ትላላችሁ። አልለመደም።
- ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮ መቁረጥ፣ በርበሬ ማብላት። ጆሮው ስሜቱን የምናነብበት ነው፤ በርበሬውም ሆዱን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም። ፈሪ ውሻ ላይ ሕመም ሲጨመር ሌባና እንግዳ መለየት ያቅተዋል።
- የወጥ ትርፍ ማብላት። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው።
- በአንድ ጥሩ ቀን ገመዱን መተው። ሦስት ወር የተለፋበት በአንድ ድንጋጤ ይፈርሳል።
- ማኮላሸት ፍርሃትን ያጠፋል ብሎ መጠበቅ። ሴት ፍለጋ መጥፋቱን ይቀንሳል፤ ልምምዱን ግን አይተካም።
- ምትክ ሰው አለማዘጋጀት። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ተነስታችሁ ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ስትሄዱ ውሻውን ማን ያበላዋል? አንድ ሰው መርጣችሁ ለሦስት ሳምንት ያህል አብራችሁ እያላችሁ ታብላው። እኛ ጋ ይህን የያዘችው ያችው ጫማዋን ስታወልቅ የተደነገጠችው ጎረቤታችን ናት። በሩ ላይ ሆና «ቦታህ» ትለዋለች፣ ጉበቱን ከጆንያው ኋላ ትወረውራለች፣ እስኪበላ ጠብቃ ነው ጎንበስ የምትለው።